የዓለም ታሪክ መታጠፊያዎችና እኛ የመጣንበት መንገድ



ልጆቻችን በትምህርት ቤት የዓለም ታሪክ ይማራሉ። ስለ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት፣ ስለ በርሊን ግንብ መፍረስ ለፈተና ያጠናሉ። ማታ ቤት ሲገቡ ግን ስለዚህ ትምህርት ከአባትና ከእናታቸው ጋር የሚነጋገሩት ጥቂቶች ናቸው። ወላጆችን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «እኛ ፊደል አልቆጠርን፤ ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ምን እናውቃለን» የሚል ነው። ልጆችን ስንጠይቅ ደግሞ «አባቴ ገበሬ ነበር፤ እሱ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃል» ይሉናል። በዚህም ምክንያት በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች በሁለት የተለያየ ዓለም የሚኖሩ ይመስላቸዋል። የወላጁ አንደበት በልጁ ፊት ይታሰራል፤ የልጁም አክብሮት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ታሪክና ወላጆቻችን በእግራቸው የሄዱት መንገድ አንድ ታሪክ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። የዓለምን መልክ የቀየሩ ጥቂት ዓመታት አሉ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ በካይሮ፣ በሞስኮ፣ በበርሊን ወይም በኢየሩሳሌም የተደረገው ነገር እስከ ደምቢያ፣ እስከ ወገራና እስከ ሰሜን ድረስ እየዘለቀ የቤተ እስራኤልን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። በሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሌሎች ቢሆኑም፣ በሩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆሞ መገኘት ግን የወላጆቻችን ሥራ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንለው ይህንን ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ልጆቻችን በትምህርት ቤት በሚያውቁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብለን ለይተናል።

የተቆፈረው ቦይና ክፉ ቀን

በ1862 ዓባ መሐሪ የሚባሉ መንፈሳዊ አባት ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሡ። እንደሚነገረው ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈትልናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ጉዟቸው በትግራይ በኩል ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎች በረሃብና በበሽታ በመንገድ ቀሩ፤ የተረፉትም ተመለሱ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ለእነርሱ የተከፈተ በር አልነበረም። ፍላጎት ነበር፣ እምነት ነበር፣ መንገድ ግን አልነበረም።

ሰባት ዓመት ቆይቶ በኅዳር ወር 1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። ይህ በግብፅ ምድር የተቆፈረ የውኃ መንገድ ሜዲትራኒያንን ከቀይ ባሕር ጋር አገናኘ። ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚሄድ መርከብ አፍሪካን መዞሩ ቀረለት። በዚህም ምክንያት እምብዛም ትኩረት ያልነበረው የቀይ ባሕር ዳርቻ በአንድ ጊዜ የኃያላን መንግሥታት መሻሚያ ሆነ። በዚያው ዓመት አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ገዛ። በየካቲት ወር 1885 የኢጣሊያ ጦር ምጽዋን ያዘ።

የኢጣሊያ ጦር ለቀለቡ ያስመጣቸው ከብቶች በ1887 ገደማ ያልታወቀ በሽታ ይዘው በምጽዋ ወረዱ። ይህ ገበሬው «ደስታ» እያለ የሚጠራው የከብት በሽታ ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ደጋውን በሙሉ አዳረሰ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ምን ይዞ ያርሳል? ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ያ ዘመን በአማርኛ «ክፉ ቀን» ተብሎ ይታወቃል። በዚያው ጊዜ የሱዳን ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን አቃጠሉ፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛም በመጋቢት ወር 1889 መተማ ላይ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ቤተ እስራኤል የሚኖርበት አገር በሁለቱም ወገን ማለትም በረሃቡና በጦርነቱ መካከል ነበር። ብዙ መንደሮች ጠፉ፤ ከሕዝባችን እጅግ ብዙው አለቀ።

ከክፉ ቀን በኋላ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (መጋቢት 1 ቀን 1896) የኢትዮጵያ ሠራዊት አድዋ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል አደረገ። ይህ ድል የአፍሪካ ሕዝብ በአውሮፓ ቅኝ ገዢ ላይ ያገኘው ታላቅ ድል በመሆኑ ዛሬም በመላው ዓለም ይጠቀሳል። እንግዲህ ልጃችሁ ስለ ስዊዝ ቦይና ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ሲያጠና ብታዩት፣ አያቶቻችሁ ስለ ክፉ ቀን የነገሯችሁ የዚያው ምዕራፍ ክፍል መሆኑን ንገሩት። በግብፅ የተቆፈረው ቦይ በደምቢያ ያለውን በሬ ከበረቱ አውጥቶታል።

ከቤታችን በታች ያለው ሸለቆ

አሁን ወደምንኖርበት ወደ አፉላ እንምጣ። ከአፉላ ኢሊት ሆነን ቁልቁል ስንመለከት የምናየው የኢይዝራኤል ሸለቆ ራሱ ብዙ የታሪክ መታጠፊያ ያለፈበት ቦታ ነው። በቱርኮች ዘመን በ1905 ከሐይፋ ተነሥቶ በአፉላ በኩል ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ የሚያልፍ የባቡር ሐዲድ ተሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በመስከረም ወር 1918 የእንግሊዙ ጄኔራል አለንቢ ጦር በመጊዶ በኩል ሰብሮ ወደ ሸለቆው ገባ፤ በመስከረም 20 ቀን ፈረሰኞቹ አፉላን ያዙ። በዚህች ምድር ላይ አራት መቶ ዓመት የቆየው የቱርክ አገዛዝ በዚያን ሰሞን አበቃ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1925 የአሁኗ አፉላ ተመሠረተች። ረግረጉን ያደረቁት፣ ድንጋዩን የለቀሙት ሰዎችም ከሩቅ አገር የመጡ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። ይህች ከተማ ከመጀመሪያው የአዲስ ገቢዎች ከተማ ናት።

ቤታችን የተሠራበት ኮረብታ ጊቫት ሃሞሬ ይባላል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ላይ የምድያም ሰፈር በሞሬ ኮረብታ አጠገብ እንደነበረ፣ ጌዴዎንም በሐሮድ ምንጭ አጠገብ እንደሰፈረ፣ ኋላም ሦስት መቶ ሰዎችን ብቻ ይዞ እንደተዋጋ ተጽፏል። ቄሶቻችን ይህን ታሪክ በኦሪት መጻሕፍት ሲያነቡ ኖረዋል። ከዚያ ዘመን ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ ይኸው ስም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሯል። እንዴት እንደተሻገረ እንናገር።

በጥቅምት ወር 1935 የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት ወር 1936 በሐይፋ ወደብ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በሰኔ 30 ቀን ደግሞ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ። ማኅበሩ ኢትዮጵያን ለማዳን አልቻለም። ብዙ የታሪክ ሰዎች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ካመጡት ነገሮች አንዱ ይህ ድክመት እንደሆነ ይጽፋሉ። ደካማ መንግሥት ሲወረር ዓለም ዝም እንደሚል የተረዱ ወራሪዎች ከዚያ በኋላ የሚፈሩት ነገር አልነበራቸውም።

በ1938 ኦርድ ዊንጌት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ከዚህ ብዙም በማይርቀው በኤን ሃሮድ ተቀምጦ የሌሊት ተዋጊ ጓዶችን ያሠለጥን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ አዘውትሮ የሚያነብ ሰው ስለነበረ ጌዴዎን በጥቂት ሰው በሌሊት ያደረገውን ውጊያ እንደ ትምህርት ይወስደው ነበር። በ1941 መጀመሪያ ይኸው መኮንን ከሱዳን ተነሥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ጎጃም የገባውን ጦር እንዲመራ ተሾመ። ለጦሩም «የጌዴዎን ጦር» የሚል ስም ሰጠው። ይህ ትንሽ ጦር አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ሲዋጉ ከኖሩት የኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ተዋጋ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. (ግንቦት 5 ቀን 1941) አዲስ አበባ ገቡ። የመጨረሻው የኢጣሊያ ምሽግ የነበረው ጎንደር ደግሞ በኅዳር ወር 1941 ነፃ ወጣ። በጎንደር አገር ያደጉ ሽማግሌዎቻችን ስለ ጣሊያን ዘመን የሚነግሩን ይህንኑ ነው። በካርሜል ተራራ ላይ ያለው የሚን ኦርድ የተባለው የወጣቶች መንደር በዚህ መኮንን ስም ተሰይሟል፤ ከእኛ ወጣቶችም ብዙዎች ተምረውበታል።

በአንድ ዓመት የተከፈተና የተዘጋ በር

በግንቦት 14 ቀን 1948 የእስራኤል መንግሥት ታወጀ። በ1950 «የመመለስ ሕግ» ወጣ፤ ማንኛውም አይሁዳዊ ወደዚህ አገር የመምጣት መብት እንዳለው ተደነገገ። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ቤተ እስራኤልን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ረጅም ዘመን ቆየ። በ1955 እና በ1956 ከመንደሮቻችን የተመረጡ 27 ወጣቶች በክፋር ባትያ ለመማር መጡ። አብዛኛዎቹ ኋላ ተመልሰው ወገኖቻቸውን አስተማሩ። የቀረው ሕዝብ ግን በየዓመቱ በስግድ ቀን ወደ ተራራ እየወጣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ማዞሩን ቀጠለ።

የ1973ን ዓመት ልብ በሉ። በየካቲት ወር የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁዳውያን መሆናቸውንና ወደ አገራቸው መምጣት እንዳለባቸው ወሰኑ። በጥቅምት ወር ደግሞ የዮም ኪፑር ጦርነት ተነሣ። በጦርነቱ ምክንያት ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ከእስራኤል ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አቋረጡ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ወር አቋረጠች። የሃይማኖት በር በተከፈተበት ዓመት የመንግሥታት በር ተዘጋ።

ይህ ጦርነት ሌላም መዘዝ ነበረው። የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ነዳጅ በመከልከላቸው ዋጋው በመላው ዓለም እጅግ ናረ። በአዲስ አበባም የቤንዚን ዋጋ ተጨመረ። በየካቲት ወር 1974 የታክሲ ነጂዎች በዚህ ምክንያት ሥራ አቆሙ። መምህራን፣ ወታደሮችና ተማሪዎችም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ተነሡ። የወሎ ረሃብ መደበቁም የሕዝቡን ቁጣ አባባሰው። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (መስከረም 12 ቀን 1974) ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። በሲና በረሃና በጎላን የተጀመረው ጦርነት አዲስ አበባ የደረሰው በቤንዚን ዋጋ አድርጎ ነበር።

በ1975 ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሰጠ። ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት ተከልክሎ በሌላ ሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ሲያርስ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ሸክላ ሲሠራና ሲሸምን ለኖረው ሕዝባችን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም የቀድሞ ባለመሬቶች ቁጣ በብዙ ቦታ በእርሱ ላይ አረፈ። በዚያው ዓመት የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ ቤተ እስራኤልንም እንደሚጨምር ተቀበለ። እንግዲህ ከ1975 ጀምሮ ወደዚህ ለመግባት መብት ነበረን፤ ከዚያ ለመውጣት ግን ፈቃድ አልነበረም።

ዝሆኖች ሲጣሉ

አባቶቻችን «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይላሉ። ቀዝቃዛው ጦርነት የሚባለው የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ፉክክር ለኢትዮጵያ ይህንኑ ሆነባት። በ1977 ሶማሊያ ኦጋዴንን ስትወር ሶቪየት ኅብረትና ኩባ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሙ። በከተሞች ቀይ ሽብር ሆነ፤ በሰሜን ጦርነቱ ቀጠለ።

በዚያው ዓመት በእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናሔም ቤጊን ሥልጣን ያዙ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል በተደረገ ምሥጢራዊ ስምምነት የጦር መሣሪያ ጭነው ወደ ኢትዮጵያ በሄዱ አውሮፕላኖች 121 ወገኖቻችን መጡ። በየካቲት ወር 1978 ምሥጢሩ በመውጣቱ ያ በር ተዘጋ።

ያን ጊዜ የሱዳን መንገድ ተጀመረ። ፈረደ አክሉም የሚባሉ መምህር ከሌሎች ጋር ሆነው በሱዳን በኩል መውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ወሬው ከመንደር ወደ መንደር በጆሮ ተላለፈ። ሰዎች ከትግራይ፣ ከወልቃይት፣ ከሰሜንና ከጎንደር ዙሪያ በሌሊት ተነሡ፤ ቤታቸውን፣ ከብታቸውን፣ የወላጆቻቸውን መቃብር ትተው ወጡ። በረሃውን የተሻገሩት በእግራቸው ነበር። በመንገድ ላይ ሽፍታ፣ የውኃ ጥምና ወባ ነበረ። በገዳሪፍ አካባቢ ባሉት በኡም ራኩባና በሌሎች የስደተኞች ሰፈሮች ደግሞ ማንነታቸውን ደብቀው ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት ቆዩ።

በ1984 (በ1977 ዓ.ም.) በኢትዮጵያ የደረሰው ረሃብ በቴሌቪዥን ለዓለም ሕዝብ ታየ። ዓለም ለእርዳታ ሲነሣ የስደተኞች ሰፈሮችም ተጨናንቀው ነበር። ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ከ6,000 በላይ ወገኖቻችን ከካርቱም በአውሮፓ በኩል ወደ እስራኤል መጡ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ዘመቻው ቆመ። በመጋቢት ወር 500 ያህል ሰዎች በአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ከወጡ በኋላ፣ በሚያዝያ 6 ቀን 1985 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱና መንገዱ ከሞላ ጎደል ተዘጋ። ባል እዚህ ሚስት እዚያ፣ ልጅ እዚህ እናት እዚያ ሆነው ስድስት ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በሱዳን መንገድና በሰፈሮቹ ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደሞቱ ይነገራል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥት በይፋ ያስባቸዋል። በየቤታችን ስማቸውን የምንጠራቸው፣ መቃብራቸውን ግን የማናውቅ ወንድሞች፣ እኅቶችና ሕፃናት አሉን። ልጆቻችን ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያነቡ እነዚህም ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ እንዳሉ ሊያውቁ ይገባል።

አንድ ቁልፍ የከፈታቸው ሁለት በሮች

«ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ» እንደሚባለው ቀኑ ደረሰ። በ1985 የሶቪየት ኅብረት መሪ የሆኑት ሚኻይል ጎርባቾቭ አገራቸው ለሩቅ ጦርነቶች የምታወጣውን ገንዘብ መቀነስ ጀመሩ። ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የጦር መሣሪያ እርዳታው እንደ ድሮው እንደማይቀጥል ተነገራቸው። በኅዳር ወር 1989 መጀመሪያ ኢትዮጵያና እስራኤል ያቋረጡትን ግንኙነት አደሱ። በዚያው ወር በ9ኛው ቀን የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወር መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የሞስኮ እጅ ሲላላ አዲስ አበባ ሌላ ወዳጅ መፈለግ ነበረባት።

የሞስኮ እጅ የላላው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ከሶቪየት ኅብረት መውጣት የተከለከሉት አይሁዳውያን በር ተከፈተላቸው። በ1990 ብቻ ከ180,000 በላይ ሰዎች ከዚያ ወደ እስራኤል መጡ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ከ800,000 በላይ ሆነ። ከእነርሱም ብዙዎች አፉላ ሰፈሩ። እንግዲህ በሕንፃችን ደረጃ ላይ የምናገኛትን፣ ሩስኛ የምትናገረውን ጎረቤት እናስብ። ቋንቋዋን አናውቅም፤ እርስዋም የእኛን አታውቅም። ሆኖም እርስዋን ከኪየቭ ወይም ከሞስኮ ያወጣትና እኛን ከጎንደር ያወጣን የታሪክ መታጠፊያ አንድ ነው። የሁለታችንንም በር የከፈተው አንድ ቁልፍ ነው።

በር መከፈቱ ግን ብቻውን ሰው አያደርስም። በ1990 በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው አዲስ አበባ ወረዱ። ያላቸውን ሸጠው፣ ሕፃናት አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው መጡ። በከተማው በተከራዩት ጠባብ ክፍል ወራት ሲጠብቁ ልጆች በበሽታ የሞቱባቸው አሉ። «መንደራችን ብንቆይ ይሻል ነበር» ያሉም አልጠፉም። በ1991 መጀመሪያ ግን ጎንደር በኢሕአዴግ ጦር ተያዘች፤ መንገዱ ተቆረጠ። አዲስ አበባ የደረሱት አውሮፕላኑ አጠገብ ነበሩ፤ በቋራ የቀሩት ወገኖቻችን ግን በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት እስኪመጡ ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው።

በግንቦት 21 ቀን 1991 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ። በአሜሪካ ሽምግልና በተደረገው ድርድር እስራኤል 35 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በግንቦት 24 እና 25 በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ«ሰሎሞን ዘመቻ» ወደ እስራኤል መጡ። ወንበሩ በተነሣለት አንድ አውሮፕላን ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተሳፈሩ፤ በበረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ በግንቦት 28 የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በታኅሣሥ ወር ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። የዓለም መጻሕፍት «ቀዝቃዛው ጦርነት አበቃ» ብለው በአንድ መስመር የሚያልፉት በእኛ ዘንድ የአንድ ሰንበት ታሪክ ነው፤ ዘመቻው የተካሄደው ከዓርብ እስከ ቅዳሜ ነበርና።

ዛሬም መታጠፊያ አለ

ከናንተ ከአዲስ ገቢዎች መካከል በ2020 እና ከዚያ ወዲህ የመጣችሁ አላችሁ። ያ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን የዘጋበት፣ በኅዳር ወርም በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የተነሣበት ነበር። በታኅሣሥ ወር 2020 መጀመሪያ «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ ከ300 በላይ ሰዎችን የያዘ አውሮፕላን ቤን ጉሪዮን አረፈ። በየካቲት ወር 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ ከሁለቱም አገሮች አዳዲስ ገቢዎች መጡ። እንደገና እናንተና የሩስኛ ተናጋሪው ጎረቤታችሁ በአንድ ዘመን አንድ ኡልፓን ወይም አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተገናኛችሁ።

ከመካከላችሁ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ወላጅ፣ ወንድም ወይም ልጅ የቀረባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። በሱዳን መንገድ የመጡት ስድስት ዓመት የጠበቁትን ጥበቃ እናንተ አሁን ትጠብቃላችሁ። ታሪክ የሚያስተምረን በሩ መቼ እንደሚከፈት አይደለም፤ ያንን ማንም አያውቅም። የሚያስተምረን በሩ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ የገቡት ወረቀታቸውን ያዘጋጁ፣ አቤቱታቸውን ሳይታክቱ ያቀረቡ፣ ወሬውን እርስ በርስ የተነጋገሩና ለመነሣት የደፈሩ መሆናቸውን ነው። ይህንንም ያደረጉ ሁሉ አልደረሱም። እነዓባ መሐሪ አልደረሱም። ሆኖም ከእነርሱ በኋላ የተነሡት «አባቶቻችን ሞክረዋል» ብለው ነው የተነሡት።

ለቤታችሁ የሚሆን አንድ ሥራ

በመጨረሻ በአንድ ምሽት ሊሠራ የሚችል ነገር እንጠቁማችሁ። ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ረድፍ አድርጉ። በአንደኛው ረድፍ ወላጅ የሚያስታውሰው ይጻፍ፦ የተወለደበት መንደር፣ መሬት የተሰጠበት ዓመት፣ ከመንደር የወጣበት ወር፣ በመንገድ የተለየው ሰው፣ እስራኤል የገባበት ቀን። በሁለተኛው ረድፍ ልጁ ከታሪክ መጽሐፉ በዚያው ዓመት በዓለም የሆነውን ይጻፍ።

ዓመቱን ስታስተካክሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወላጅ «በሰባ ሰባት» ሲል ልጅ 1977 ይመስለዋል፤ እርሱ የሚለው ግን የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ፣ ማለትም 1984 እና 1985ን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ድረስ 8 ይደመራል። ለምሳሌ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ማለት በግንቦት ወር 1991 ማለት ነው። ይህን ስሌት ልጁ ይሥራው፤ ታሪኩን ወላጅ ይናገር። እናት ወይም አባት መጻፍ ባይችሉም ጸሐፊው ልጅ ነው፤ ተናጋሪውና ምስክሩ ግን እነርሱ ናቸው።

ወረቀቱ ሲያልቅ ሁለቱ ረድፎች ጎን ለጎን ይነበቡ። ልጁ በመጽሐፍ ያነበበውን አባቱ በእግሩ እንደሄደበት ያያል። አባትም በሌሊት ከመንደሩ ያስወጣው ነገር ከየት ተነሥቶ እንደደረሰበት ይረዳል። ወረቀቱን በቴኡዳት ዘሁትና በሌሎች አስፈላጊ ወረቀቶች አጠገብ አስቀምጡት፤ የልጅ ልጆቻችሁ ይፈልጉታልና።

በሩቅ ያሉትን ወገኖቻችንን በሰላም ያገናኘን። ቸር እንሰንብት።